አልድን ያለ ጉልበት፦ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንሂድ?

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆሳዕና ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቶች የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበር። እንደሚታወቀው ከተማችን ኳስ ትወዳለች፤ ሀዲያ ሆሳዕና በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሲጫወት ያየ ሰው ሁሉ በማግሥቱ ራሱን ተጫዋች አድርጎ ይቆጥራል። እኔም 38 ዓመቴን ረስቼ ኳስ ተከትዬ ስዞር ግራ እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ ቀረና ሰውነቴ ብቻ ዞረ። ከጉልበቴ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከ2 ሰዓት በኋላ ጉልበቴ እንደ ቅል አብጦ ነበር።

በሙያዬ የመሬት ቀያሽ ነኝ። እንጀራዬ ያለው በሶሮ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ተዳፋቶች ላይ ነው። የምሠራው በኮንትራት ስለሆነ ያልወጣሁበት ቀን አይከፈለኝም። ቁልቁለት መውረድ የማይችል ቀያሽ ደግሞ ከጥቂት ወራት በላይ ሥራው አይጠብቀውም።

ከዚያ በኋላ 7 ወር ሙሉ ከበር ወደ በር ዞርኩ። መጀመሪያ ወጌሻ አሸኝ። ቀጥሎ አንድ የግል ክሊኒክ ራጅ አንስቶ «አጥንትህ ደህና ነው» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ። በ3ኛው ወር ሌላ ቦታ ጉልበቴ ውስጥ መርፌ ተወጋሁ። በ5ኛው ወር ማንም ሳያዘኝ አዲስ አበባ ሄጄ ኤም.አር.አይ. ተነሳሁ። ውጤቱን ያሳየሁት የመጀመሪያው የአጥንት ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ በ5 ደቂቃ ውስጥ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል» አለኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሱሪዬን አስወልቆ፣ አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ሁለቱን ጉልበቶቼን እያነጻጸረ በእጁ የመረመረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። ጽሑፉም የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ነገር ግን በእነዚያ ወራት የጠየቅሁት ጥያቄ ሁልጊዜ «ጎበዝ የጉልበት ሐኪም ማን ነው?» የሚል ነበር። ዘግይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ጥያቄ 2ኛ መሆኑ ነው። 1ኛው ጥያቄ «የእኔ ጉልበት ችግሩ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። እሱ ሲመለስ የሐኪሙ ዓይነት ራሱ ይታወቃል።

ጉልበት ምን ምን አለው?

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት፣ ከፊት ለፊቱ የጉልበት ሎሚ የተቀመጠበት መገጣጠሚያ ነው። አጥንቶቹ እንዳይንሸራተቱ 4 ዋና ዋና ጅማቶች ይይዟቸዋል፤ 2ቱ በውስጥ ተጠላልፈው፣ 2ቱ በግራና በቀኝ ሆነው። በአጥንቶቹ መካከል ሜኒስከስ የሚባሉ እንደ ትራስ የሚያገለግሉ 2 ልምአጥንቶች አሉ። ይህን ሁሉ ከውጭ ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው።

የትኛው ክፍል እንደተጎዳ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። ሲዞሩ ድምፅ ተሰምቶ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አብጦ፣ በኋላም በመታጠፊያና በቁልቁለት ላይ ጉልበቱ የሚከዳ ከሆነ የፊተኛው የውስጥ ጅማት ይጠረጠራል። እብጠቱ በማግሥቱ መጥቶ ጉልበቱ አንዳንዴ «ተቆልፎ» አልዘረጋ የሚል ከሆነ ሜኒስከስ ይታሰባል። ደረጃ ሲወርዱ ወይም በሚኒባስ ለረዥም ጊዜ ታጥፎ ሲቀመጡ ከፊት ለፊት የሚያም ከሆነ የጉልበት ሎሚ አካባቢ ችግር ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ቀስ በቀስ የመጣ፣ ሲሠሩበት የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የልምአጥንት መሳሳት ነው።

በመሆኑም ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ታሪኩን በወረቀት ይጻፉ፦ መቼ፣ እንዴት፣ ድምፅ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ እብጠቱ በስንት ሰዓት መጣ፣ ይከዳል ወይስ ይቆለፋል፣ ምን ተደረገለት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው ወጌሻ ዘንድ መሄድዎንና መርፌ መወጋትዎንም አይደብቁ። እኔ አፍሬ የመርፌውን ነገር ለአንዱ ሐኪም ሳልናገር ቀርቼ ሌላ መርፌ ሊያዝልኝ ነበር።

ምርጫ የማያስፈልጋቸው ጉዳዮች

ሐኪም መምረጥ ጊዜ ላለው ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

– ጉልበቱ ቅርፁን ከለወጠ ወይም ከወለቀ፤
– ከጉልበት በታች ያለው እግር ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፤
– ጉልበቱ ከጋለ፣ ከቀላና ትኩሳት ካለ (መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል በቀናት ውስጥ ልምአጥንቱን ሊያበላሸው ይችላል)፤
– ባትዎ ካበጠና ካመመ፣ በተለይ የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት (በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል)፤
– ጉልበቱ ተቆልፎ ጨርሶ አልዘረጋ ካለ።

አዲስ ጉዳት ሲሆን ራጅ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ለመለየት የካናዳ ሐኪሞች በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ቀላል መመዘኛ በብዙ አገር ይሠራበታል። ዕድሜው 55ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የጉልበት ሎሚውን ብቻ ሲነኩት የሚያመው፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችውን የአጥንት ጫፍ ሲነኩት የሚያመው፣ ጉልበቱን እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ያልቻለ፣ ወይም ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ ሐኪም ፊት 4 እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው ራጅ ይነሳል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የስብራት ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው።

ወጌሻ ዘንድ ልሂድ?

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ለምንኖር ሰዎች ይህ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። ስፔሻሊስቱ ሩቅ ነው፤ ወጌሻው ግን ጎረቤት ነው፤ አባትዎንም ያከመ ነው። እኔንም እናቴ ይዛኝ ስትሄድ እምቢ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ወጌሻው ጨዋና አዛኝ ሰው ነበሩ። ያበጠውን ጉልበቴን በቅቤ አሹት፤ ከዚያ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

ትኩስ እብጠትን ማሸት ውስጥ ያለውን ደም መፍሰስ ሊያብሰው ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን እሥራቱ ነው። በአገራችን ከጠበቀ የወጌሻ እሥራት በኋላ ደም ተቋርጦ እግራቸው ወይም እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ጥቂት አይደሉም። በሌላ በኩል ደግሞ በ2005 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ በሚታተም የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአገራችን ሐኪም ጽሑፍ ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። ከዚህ የምንረዳው ወጌሾቹ ሲነገራቸው የሚሰሙ፣ ተባባሪ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች መሆናቸውን ነው።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ዘመድ አስገድዶዎት ከሄዱም አዲስ የተጎዳ ጉልበት አይታሽ፤ አይጎተት፤ በጥብቅ አይታሰር። ከታሰረ በኋላ ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እሥራቱን በዚያው ደቂቃ ይፍቱትና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይሉኝታ እግር አይተካም።

1ኛው በር፦ ጠቅላላ ሐኪም

ብዙዎቻችን የተማርን ነን የምንል ሰዎች ጠቅላላ ሐኪም ማየትን እንደ ጊዜ ማባከን እንቆጥረዋለን። እኔም ጭምር። ይሁንና አልድን ያለ ጉልበት ከሁሉ በፊት የሚፈልገው «አበጣሪ» ነው። ጥሩ ጠቅላላ ሐኪም ታሪክዎን ሰምቶ፣ ዳሌዎንና ወገብዎን ጭምር አይቶ (የዳሌና የወገብ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላልና)፣ ጉዳዩ የመካኒክ ነው ወይስ የበሽታ የሚለውን ይለያል። ማለትም የተበጠሰ፣ የተቀደደ፣ የላላ ነገር አለ ወይስ ጉልበቱን ያሳበጠው ሌላ ሕመም ነው?

ጥሩ ምርመራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ሐኪም ለመምረጥ ይረዳል። ሐኪሙ ሲራመዱ ያይዎታል። ሁለቱንም ጉልበቶች ገልጦ ያነጻጽራል። ጉልበትዎን 30 ዲግሪ ያህል አጥፎ ቅልጥምዎን ወደ ፊት ይስባል፤ ይህ የውስጥ ጅማቱን መፈተኛ ነው። ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል፤ ጠምዘዝ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ምንም ማሽንም አይፈልግም። ይህን ያደረገ ጠቅላላ ሐኪም ይህን ካላደረገ ስፔሻሊስት ይሻላል።

2ኛው በር፦ የአጥንት ቀዶ ሐኪም

የአጥንት ስፔሻሊስት የምንላቸው ሐኪሞች በሙያቸው ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። በመሆኑም ወደ እነሱ ዘንድ በቀጥታ መሄድ ያለበት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው የሚችል ሰው ነው፦ ስብራት ያለበት፣ ጉልበቱ የሚቆለፍ፣ ደጋግሞ የሚከዳ፣ የጉልበት ሎሚው የሚወልቅ፣ ከአንድ በላይ ጅማት የተበጠሰበት፣ ወይም ልምአጥንቱ ጨርሶ አልቆ መራመድ ያቃተው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአገራችን አብዛኞቹ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ሥራ የሚበዛባቸው በመኪና፣ በሞተርና በባጃጅ አደጋ የተሰባበሩ ሰዎችን በመጠገን ነው። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የጉልበት ጅማትና ሜኒስከስ መሥራት (አርትሮስኮፒ ይሉታል) የተለየ ሥልጠናና መሣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ «የአጥንት ስፔሻሊስት ነዎት?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ዓይነት የጉልበት ሥራ ዘወትር ይሠራሉ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም፤ ካልሠራውም ወደሚሠራው ይመራዎታል።

ቀዶ ሕክምናው ራሱስ ለማን ይጠቅማል? ባለፉት ዓመታት በዚህ ላይ የወጡ ጥናቶች ብዙ ሐኪሞችን አስገርመዋል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሂውስተን ልምአጥንታቸው በሳሳ 180 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ጉልበታቸው በካሜራ የታጠበላቸውና የተጠረገላቸው ሰዎች፣ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ከተሰፋላቸው ሰዎች የተሻለ አልሆኑም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ፊንላንድ ውስጥ በ146 ሰዎች ላይ የተደረገው ደግሞ በዕድሜ የተቀደደ ሜኒስከስን ቆርጦ ማውጣት ከማስመሰል ቀዶ ሕክምና እንደማይበልጥ አሳየ።

የእኔን ነገር በሚመለከት ዓይኔን የከፈተልኝ የስዊድኑ ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ይህ ጥናት የፊተኛው የውስጥ ጅማታቸው የተበጠሰ 121 ወጣትና ንቁ ሰዎችን ይዞ ነበር። ገሚሶቹ ወዲያው ተሠሩ፤ 59ኙ ግን በተደራጀ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ጀምረው ሲያስፈልግ ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። ከ2 ዓመት በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ጉልበት እኩል ነበር፤ ከ59ኙም 36ቱ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ከእነዚሁ 59 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ተሠርተዋል። እንግዲህ ቀዶ ሕክምና ለአንዳንዱ ሰው ያስፈልጋል፤ ለአብዛኛው ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም ማለት ነው። የተቀደደ ሜኒስከስ የቆለፈው ወጣት ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ እሱ ቶሎ መታየት አለበት።

3ኛው በር፦ ፊዚዮቴራፒስት

ከሁሉም በላይ የተናቀው በር ይህ ነው። ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒ ማለት ማሳጅና ሙቀት የሚሰጥ መብራት ይመስለዋል። ሙያው ግን ጡንቻን መልሶ የማሠልጠን ትምህርት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የትምህርት ተቋማት ባለሙያዎቹን በዲግሪ አሠልጥነው ቢያወጡም ቁጥራቸው ከፍላጎቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

በ7ኛው ወር ያገኘሁት 2ኛው የአጥንት ሐኪም 20 ደቂቃ ከመረመረኝ በኋላ የኤም.አር.አይ. ወረቀቴን አጠፈና «ይህ ጉልበት ምን እንዲሠራልህ ትፈልጋለህ?» አለኝ። ቁልቁለት መውረድ ብቻ እንደምፈልግ ነገርኩት። «እንግዲያውስ መጀመሪያ 3 ወር ፊዚዮቴራፒ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱን ጭኖቼን ለካች። ግራው በ3 ሳንቲ ሜትር ቀጥኖ ነበር። በ7 ወር ውስጥ ይህን የለካ ሰው አልነበረም። ጉልበቴ የሚከዳኝ ጅማቱ ስለተበጠሰ ብቻ ሳይሆን የሚደግፈው ጡንቻ ስለሟሸሸም ነበር።

ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት እንዴት ይታወቃል? ይለካል፤ ግብ ያስቀምጣል፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ ይሰጣል፤ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ ክብደቱን ይጨምራል። ሁልጊዜ አስተኝቶ ማሽን ብቻ የሚያስር ከሆነ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ሆሳዕና ውስጥ ላለ ሰው በሳምንት 3 ቀን አዲስ አበባ መመላለስ የሚታሰብ አይደለም። እኔ በወር 1 ጊዜ እየሄድኩ የቀረውን ቤቴ ሠራሁ፤ ክብደቴ በከረጢት የተሞላ አሸዋ፣ ደረጃዬ ደግሞ የቤቴ መግቢያ ነበር። ወደ ኳስ መመለስ የሚፈልግ ሰው የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከደህናው ቢያንስ 90 በመቶ እስኪደርስ መታገሥ አለበት ይላሉ ባለሙያዎቹ።

4ኛው በር፦ የውስጥ ደዌ ሐኪምና ሩማቶሎጂስት

ዱራሜ የምትኖር አክስት አለችኝ። እንሰት ስትተክል ከወደቀች ወዲህ ጉልበቷ አልሻል ብሏት 1 ዓመት ሙሉ እንደ ጉዳት ስትታከም ቆየች። በእኔ ምክንያት ብዙ ሳነብ ቆይቼ ስለነበር አንድ ቀን «እትዬ፣ ጠዋት ስትነሺ እንዴት ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሁለቱም ጉልበቶቿና የእጅ አንጓዎቿ ከ1 ሰዓት በላይ አልላወስ እንደሚሏት፣ ጀበና ማንሳት እንዳቃታት ነገረችኝ። ውድቀቱ በአጋጣሚ የተገጠመ ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ስትታይ የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ ተገኘባት፤ ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች ቡናዋን ራሷ ታፈላለች።

እንግዲህ ጉዳት ሳይኖር ያበጠ፣ ከአንድ በላይ መገጣጠሚያ የያዘ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያደርቅ ሕመም የቀዶ ሐኪም ጉዳይ አይደለም። የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች (ሩማቶሎጂስቶች) በአገራችን እጅግ ጥቂት ስለሆኑ በአብዛኛው የውስጥ ደዌ ሐኪም ይጀምረዋል። በአንድ ሌሊት የሚነሳ ከባድ ሕመም ከሆነ ሪህ ሊሆን ይችላል። አንድ ጉልበት ብቻ ለወራት ቀስ እያለ ካበጠ፣ ክብደት ከቀነሰና ሌሊት ካላበ የመገጣጠሚያ ቲቢ መጠርጠር አለበት። ያልፈላ ወተት የሚጠጣና ትኩሳቱ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ እንዲታይለት ይጠይቅ። በእነዚህ ላይ ጉልበት ውስጥ ካለው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ላቦራቶሪ መላክ ከማንኛውም ውድ ማሽን የበለጠ ይናገራል።

ራጅ፣ ኤም.አር.አይ.ና መርፌ

ራጅ አጥንት እንጂ ጅማትና ሜኒስከስ አያሳይም። «ራጅህ ደህና ነው» ማለት «ጉልበትህ ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ኤም.አር.አይ. ደግሞ በተቃራኒው አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ያሳያል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆነ 991 ሰዎች ተነስተው ነበር። የተቀደደ ወይም የተጎዳ ሜኒስከስ ከ50 እስከ 59 ዓመት ባሉ ሴቶች 19 በመቶ፣ ከ70 እስከ 90 ባሉ ወንዶች 56 በመቶ ላይ ተገኘ። ሜኒስከሳቸው ከተቀደደው ሰዎች 61 በመቶዎቹ ግን ባለፈው 1 ወር ውስጥ ምንም የጉልበት ሕመም አልነበራቸውም። ስለዚህ ኤም.አር.አይ. የሚነሳው ሐኪም መርምሮ የሚፈልገውን ሲያውቅ፣ ውጤቱም ሕክምናውን የሚለውጥ ሲሆን ነው። እኔ ማንም ሳያዘኝ የከፈልኩት ገንዘብ የ1 ወር ገቢዬን የሚጠጋ ነበር።

ጉልበት ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሣል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው ግን ልምአጥንታቸው የሳሳ ሰዎች በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት ሲወጉ ልምአጥንታቸው ይበልጥ ሳሳ፤ ሕመማቸውም የጨው ውኃ ከተወጉት አልቀነሰም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉትንም ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ከሆሳዕናና ከዱራሜ ወዴት?

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። በከተማዋ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ስሙን ያገኘው የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት ከነበሩት የ15ኛው ክፍለ ዘመን የሐዲያ ልዕልት ነው። ለከምባታ ሰው ደግሞ ዱራሜ ሆስፒታል አለ። የመጀመሪያው ምርመራ፣ ራጅና የላቦራቶሪ ሥራ እዚሁ አካባቢ ማለቅ አለበት። ስፔሻሊስቱ በየትኛው ቀን እንደሚያይ ካርድ ክፍል አስቀድሞ መጠየቅ ደጅ ከመጥናት ያድናል።

ከዚያ በላይ ካስፈለገ በደቡብ በኩል በአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚታወቀው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አሉ፤ በሰሜን በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ይገኛል። አቤት ሆስፒታል በዋናነት ለድንገተኛ አደጋ የተቋቋመ በመሆኑ የከረመ ጉልበት ይዘው የሚሄዱበት ቦታ አይደለም። የግል ሆስፒታሎችም ብዙ ናቸው።

ወላጆችዎ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ከሆኑ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል አይውሰዷቸው፤ ደረጃውን ያልጠበቀ ሕክምና ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የተነሱትን ራጅና የኤም.አር.አይ. ሲዲ፣ የመድኃኒት ወረቀትና የሪፈር ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ይዘው ይሂዱ። እኔ ራጄን ቤት ረስቼ አዲስ አበባ ላይ ድጋሚ ከፍያለሁ።

ሐኪሙን የሚጠይቋቸው 6 ጥያቄዎች

1. የጉልበቴ ችግር ስሙ ምንድን ነው? ምን ያህልስ እርግጠኛ ነዎት?
2. ምንም ባላደርግ ምን ይሆናል?
3. ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሞከር ነገር አለ? ለምን ያህል ጊዜ?
4. ቀዶ ሕክምናውን እርስዎ ዘወትር ይሠሩታል? ከዚያ በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ማን ይከታተለኛል?
5. ወደ ሥራዬ (ሥራዎን በዝርዝር ይንገሩት) መቼ እመለሳለሁ?
6. ምን ምልክት ካየሁ ቶሎ ልመለስ?

ለ4ኛው ጥያቄ 2ኛ ክፍል መልስ የሌለው ቀዶ ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው። ጅማት ከተተካ በኋላ ወደ ስፖርት ለመመለስ ብዙውን ጊዜ 9 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ያ ጊዜ የሚያልፈው ደግሞ በቀዶ ሐኪሙ ሳይሆን በፊዚዮቴራፒስቱ እጅ ነው።

በ4ኛው ወር ጉልበቴ መክዳቱን አቆመ። የጭኖቼ ልዩነት 1 ሳንቲ ሜትር ቀረ። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ቀዶ ሕክምናውን ተውነው፤ ኳሱንም እንደዚሁ። ከእኔ 15 ዓመት የሚያንስ፣ በኳስ የሚኖር ልጅ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ አልሸሸገኝም። ለእያንዳንዱ ጉልበት መልሱ የተለያየ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን ባከበረ ማግሥት፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አምበሪቾ ተራራን ወጣሁ። ደረጃዎቹ 777 ናቸው። መውጣቱ አላስጨነቀኝም፤ የፈራሁት መውረዱን ነበር። ቀስ ብዬ፣ እየቆጠርኩ ወረድኩ። በማግሥቱ ሰኞ መሣሪያዬን ተሸክሜ ዶዮገና ሥራ ገባሁ።

ቸር ይግጠመን።